ብሩ ተቆረጠ፣ ማሽኑ ግን አልሰጠም፦ ሲስተሞች እርስ በርስ እንዴት ይነጋገራሉ?

ካርዱ የአንድ ባንክ ነው፣ ኤቲኤሙ የሌላ። ሚስጥር ቁጥር ገባ። 500 ብር ተጠየቀ። ማሽኑ ትንሽ ቆየና «ይቅርታ፣ አገልግሎቱን ማግኘት አልተቻለም» አለ። ወዲያው ስልክ ላይ መልእክት መጣ፤ 500 ብር ከሒሳብዎ ወጪ ሆኗል። ካርድ የሚጠቀም ሰው ይሄ ደርሶበታል፤ ካልደረሰበትም የደረሰበት ሰው ያውቃል። ቅርንጫፍ ሲሄድ ደግሞ «የሲስተም ችግር ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ» ይባላል።

መልሱ ውሸት አይደለም። ግን የትኛው ሲስተም? በዚህች አንድ ጥያቄ ውስጥ ቢያንስ አምስት ሲስተሞች ተሳትፈዋል። ማሽኑ ራሱ ኮምፒውተር ነው። ከጀርባው የማሽኑ ባለቤት የሆነው ባንክ የካርድ ሲስተም አለ። ቀጥሎ ባንኮችን የሚያገናኘው ብሔራዊ ስዊች፣ ማለትም ኢትስዊች። ቀጥሎ ካርዱን የሰጠው ባንክ የካርድ ሲስተም። መጨረሻ ላይ ሒሳቡ የሚገኝበት ኮር ባንኪንግ። በአገራችን ባንኮች አካባቢ ቲ24 ወይም ፍሌክስኪዩብ ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ እነሱ እዚህ መጨረሻ ላይ የሚቀመጡት ናቸው። አምስቱን የሠራቸው አንድ ድርጅት አይደለም። አንድ ሕንጻ ውስጥም የሉም። ሆኖም በጥቂት ሰከንድ ተጠያይቀው አንድ ውሳኔ ላይ መድረስ አለባቸው።

ሲስተም ከሲስተም ማገናኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙ ሰው ኬብል መዘርጋትና ኮድ መጻፍ ይመስለዋል። አብዛኛው ሥራ ግን ስምምነት ነው። ምን እንላላካለን? የምንላላከው ነገር ምን ማለት ነው? መልስ ሳይመጣ ሲቀርስ እያንዳንዳችን ምን እናደርጋለን? ሰው የምታስለቅሰው ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት።

ከመጀመሪያዋ እንነሳ። የካርድ ሲስተሞች የሚነጋገሩበት ደንብ አይኤስኦ 8583 ይባላል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ እስካሁን ዓለም ላይ በየቀኑ ይሠራበታል። መልእክቱ በአራት አሃዝ ይጀምራል። 0200 ካለ «ይህን ክፍያ ፍቀድልኝ» ማለቱ ነው። መልሱ 0210 ነው። ውስጡ ቁጥር የተሰጣቸው ሳጥኖች አሉ። ሳጥን 2 ላይ የካርዱ ቁጥር ይገባል። ሳጥን 4 ላይ የገንዘቡ መጠን በ12 አሃዝ፣ በሳንቲም ተቆጥሮ ይገባል፤ 500 ብር 000000050000 ሆኖ ይጻፋል ማለት ነው። ሳጥን 49 የየትኛው አገር ገንዘብ እንደሆነ ይናገራል፤ የኛ ብር ኮድ 230 ነው። መልሱ ሳጥን 39 ላይ ነው የሚመጣው። 00 ከሆነ ተፈቅዷል። 51 ከሆነ ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የለም። 91 ከሆነ ካርዱን የሰጠው ባንክ ሊገኝ አልቻለም።

ሚስጥር ቁጥራችሁ በዚህ ሁሉ መንገድ በግልጽ አይጓዝም። ገና ማሽኑ ላይ ስትነኩት እዚያው ይመሰጠራል። በየመተላለፊያው፣ ለዚሁ በተሠራ የደኅንነት መሣሪያ ውስጥ፣ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ቁልፍ ይቀየራል። ትክክል መሆኑ የሚታየው ካርዱን የሰጠው ባንክ ዘንድ ነው። የማሽኑ ባለቤት ባንክ ቁጥሩን አያውቀውም።

እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው። ችግሩ እዚህ ይመጣል። ኮር ባንኪንጉ 500 ብሩን ቀነሰ። «ተፈቅዷል» ብሎ መለሰ። መልሱ ግን መንገድ ላይ ቀረ። መስመር ተቋርጦ ይሆናል፤ መሃል ያለው ሲስተም ተጨናንቆ ይሆናል። ማሽኑ የተሰጠውን ሰከንድ ያህል ጠበቀ። ምንም የለም። ምን ያድርግ?

ብር ቢሰጥ፣ ምናልባት ባንኩ እምቢ ብሎ ነበር። ባይሰጥ ደግሞ ምናልባት ከሒሳቡ ተቆርጧል። ጥያቄው ጭራሽ አልደረሰም ይሆናል። ደርሶ ገና እየተሠራ ይሆናል። ተሠርቶ አልቆ መልሱ ጠፍቶ ይሆናል። ማሽኑ ጋ ሆኖ ሦስቱን መለየት አይቻልም። ይሄ የፕሮግራመር ስንፍና አይደለም። በኔትወርክ የሚነጋገሩ ሁለት ኮምፒውተሮች ባሉበት ሁሉ ያለ ነገር ነው። ፈጣን ኢንተርኔት ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስለዚህ ነገሩ ከመድረሱ በፊት መስማማት ያስፈልጋል። ስምምነቱ እንዲህ ይላል፤ መልስ ካልመጣ ብር አትስጥ፣ ወዲያው የመሻሪያ መልእክት ላክ። ይህኛው 0420 ነው። «ቅድም በዚህ ቁጥር የላክሁትን ጥያቄ እንዳልነበረ ቁጠረው» ይላል። ላኪው «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ እስኪያገኝ ድረስ መልሶ መላልሶ ይልካል። ባንኩ ሲደርሰው 500 ብሩን ወደ ሒሳቡ ይመልሳል። አሠራሩ ደህና ከሆነ ይሄ ሁሉ በደቂቃዎች ያልቃል። «ተቆረጠብኝ» ብላችሁ ሳታማርሩ «ገቢ ሆኗል» የሚል ሁለተኛ መልእክት የሚመጣው በዚህ ነው።

ግን መሻሪያው ራሱ መደጋገሙ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሁለት ጊዜ ቢደርስ 500 ብሩ ሁለት ጊዜ ይመለስ? እያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ይዞ የሚሄደው ለዚህ ነው። ተቀባዩ ቁጥሩን ያያል። ያን ቁጥር ቀድሞ ከሠራበት ሥራውን አይደግምም፤ የፊተኛውን መልስ ብቻ ደግሞ ይሰጣል። በኔ እይታ ከዚህ ሙያ አንድ ነገር ብቻ ተማር የሚባል ሰው ቢኖር ይቺን ይማር፤ አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢመጣም ሥራው አንዴ ብቻ ይሠራ። የሞባይል ባንኪንግ ላይ «ላክ» የሚለውን ተቻኩላችሁ ሁለት ጊዜ ስትነኩ ብሩ ሁለት ጊዜ የማይሄደው፣ አንድ ሰው ይህን አስቦ ስለሠራው ነው። ሁለት ጊዜ ከሄደ ደግሞ ማንም አላሰበበትም ማለት ነው።

መሻሪያውም ካልደረሰስ? ያኔ ነገሩ ለሒሳብ ማስታረቅ ይቀራል። ቀኑ ሲዘጋ የማሽኑ ባለቤት ባንክ፣ ስዊቹና ካርድ ሰጪው ባንክ የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። መዝገቦቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ የሌለ ነገር ተለይቶ ይወጣል። ከዚያ ማሽኑ የመዘገበው ዝርዝር ይታያል፤ አስፈላጊ ከሆነ በውስጡ የቀረው ብር ይቆጠራል። 500 ብር ትርፍ ከተገኘ የናንተ ነው። ቅሬታው ቀናት የሚፈጀው እዚህ ላይ የሰው እጅ ስለሚገባበት ነው። ደረሰኝ ከወጣላችሁ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ 12 ቁምፊ ያለው ማጣቀሻ ቁጥር ይኖረዋል፤ ፈላጊው ሰው መዝገቦቹ ውስጥ የሚገባው በዚያ ነው።

መዘግየቱ ይገባኛል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። መልእክቱ የት ድረስ ሄዶ እንደቆመ የሚያሳይ መረጃ በአብዛኛው አለ። ስዊቹ ጋ ተመዝግቧል፤ የባንኩ የካርድ ክፍል ጋ ተመዝግቧል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ማያ ላይ ግን አይደርስም። ስለዚህ «ይጠብቁ» ከማለት ሌላ የምትለው የላትም፤ ስድቡንም እሷ ትቀበላለች። ይሄ ራሱ የማገናኘት ጉድለት ነው። ብዙ ድርጅት ገንዘቡን የሚያስተላልፈውን መስመር ሠርቶ፣ መስመሩ ላይ ምን እንደተፈጠረ ለሰው የሚያሳየውን መስመር ይረሳዋል።

መሃል ላይ ስዊች ለምን አስፈለገ? ስሌቱ ቀላል ነው። 30 ባንኮች እያንዳንዳቸው ከእያንዳንዳቸው ጋር በቀጥታ ይገናኙ ቢባል 435 ግንኙነት ይወጣል። 435 ውል፣ 435 ሙከራ፣ ሌሊት የሚበላሽ 435 ነገር። መሃል ላይ አንድ ስዊች ካለ 30 ይበቃል። እንደ መናኸሪያ ነው፤ ሁሉም ከተማ ወደ ሁሉም ከተማ አውቶቡስ አያሰማራም። አዋሽ፣ ንብ እና ኅብረት ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስን ያቋቋሙት በዚህ ሐሳብ ነበር። ኢትስዊች እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቋመ፤ የባንኮቹ ኤቲኤሞች በሱ በኩል መጠቃቀም የጀመሩት በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የራስን ባንክ ማሽን ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር መዞር ነበር፤ የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ።

ይኸው ጥያቄ አንድ ድርጅት ውስጥም አለ። አንድ ባንክ ብቻውን ኮር ባንኪንግ፣ የካርድ ሲስተም፣ የሞባይል መተግበሪያ፣ የብድር ሲስተም፣ አጭር መልእክት የሚልክ ሲስተም፣ የሰው ኃይልና የደመወዝ ሲስተም አለው። በተለያየ ዓመት፣ ከተለያየ ሻጭ የተገዙ ናቸው። ሥራ ሲቸኩል ቀላሉ መንገድ ምንድን ነው? የአንዱን ዳታቤዝ ይለፍ ቃል ለሌላው መስጠት። የብድሩ ሲስተም በቀጥታ ገብቶ የኮር ባንኪንጉን ሰንጠረዥ ያነባል። በአንድ ቀን ያልቃል፤ አለቃም ይደሰታል።

ከዓመት በኋላ ኮር ባንኪንጉ ይሻሻላል። የአንድ ዓምድ ስም ይቀየራል። በማግሥቱ ብድር ክፍል ሥራ ያቆማል፤ ሪፖርቱም ይዛባል። ዓምዱን የቀየረው ሰው ማን እንደሚያነበው አያውቅም ነበር፤ የትም አልተጻፈማ።

ሰርቪስ የሚባለው ሐሳብ የመጣው ለዚህ ነው። ኮር ባንኪንጉ «ሰንጠረዤን አትንኩ፤ ቀሪ ሒሳብ ከፈለጋችሁ ጠይቁኝ፣ እኔ እነግራችኋለሁ» ይላል። የሚጠየቀው ጥያቄ፣ የሚመጣው መልስ፣ ሊመጣ የሚችለው ስሕተት ሁሉ በጽሑፍ ይቀመጣል። ውስጡን እንደፈለገ መቀየር ይችላል፤ ውሉን ግን ዝም ብሎ አይነካም። ጋርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ስለዚህ አሠራር ሲጽፍ «ሰርቪስን ያማከለ አደረጃጀት» ብሎ ጠራው። አማዞን ውስጥ ደግሞ 2002 አካባቢ ጄፍ ቤዞስ ትእዛዝ ማውጣቱን፣ ቀድሞ እዚያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ስቲቭ ዬጊ በ2011 ተርኮታል። ማንኛውም ቡድን መረጃውንና ሥራውን በሰርቪስ በኩል ብቻ ይስጥ፤ የሌላውን ዳታቤዝ በቀጥታ ማንበብ ክልክል ነው የሚል ትእዛዝ ነበር። ኩባንያው በኋላ የኮምፒውተር አገልግሎቱን ለውጭ ደንበኛ ለመሸጥ ይህ ልማድ እንደጠቀመው አልጠራጠርም።

ቴክኖሎጂው ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሶአፕ ነበር፤ ኤክስኤምኤል በሚባል የአጻጻፍ ደንብ የተጻፈ ረጅም መልእክት። ዛሬ አዲስ የሚሠራው አብዛኛው ጄሰን በሚባል አጠር ያለ አጻጻፍ የሚላላክ፣ ቀለል ያለ ኤፒአይ ነው፤ ኤፒአይ አንዱ ሲስተም ሌላውን የሚጠይቅበት በር ማለት ነው። ሻጮች በዚህ ላይ ብዙ ያወራሉ። ውሉ የተበላሸ ከሆነ የትኛውም አያድነውም።

አንድ ነገር ላይ ግን መቆም ያስፈልጋል። ሰርቪሶች ሲበዙ ብዙ ድርጅቶች መሃል ላይ አንድ ትልቅ አስተላላፊ ገዙ፤ ኢኤስቢ ይባላል። መልእክት ይቀበላል፣ ቅርጹን ይቀይራል፣ ወደሚገባው ቦታ ይልካል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የሥራ ሕጉ ሁሉ እዚያ ውስጥ መጻፍ ጀመረ። «ደንበኛው ይህን ያህል ከላከ ኮሚሽኑ ይህን ይሁን» የሚለው እንኳ አስተላላፊው ውስጥ ገባ። እሱን የሚነኩት ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። የሁሉም ክፍል ጥያቄ እነሱ ጋ ይሰለፋል። ከመካከላቸው አንዱ ሥራ ሲለቅ ድርጅቱ ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ማይክሮሰርቪስ፣ ማለትም ሲስተምን በትንንሽ ሰርቪሶች ከፋፍሎ መሥራት፣ የሚለው ስም ሲገንን ከትምህርቱ አንዱ ይሄ ነበር፤ አስተላላፊው ያስተላልፍ፣ ማሰቡ ጫፍ ላይ ላሉት ይተው። እኔም በዚህ አምናለሁ። ነገር ግን አራት ፕሮግራመር ያለው ድርጅት ሲስተሙን ሃምሳ ቦታ መቆራረሱም ጤና አይደለም።

መሃሉን ቀጭን አድርጎ ትልቅ ነገር መሥራት እንደሚቻል ያሳየችው ኢስቶኒያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤክስ-ሮድ የሚባል የመረጃ መለዋወጫ ዘረጋች። መሥሪያ ቤቶቹ መረጃቸውን ወደ አንድ ትልቅ ዳታቤዝ አላፈሰሱም። የነዋሪዎች መዝገብ እዚያው ቀረ፤ የተሽከርካሪውም እዚያው። እያንዳንዱ በሩ ላይ የደኅንነት ሰርቨር አቆመ። ጥያቄው ከአንዱ በር ወደ ሌላው በቀጥታ ይሄዳል፤ ተመስጥሮ፣ ተፈርሞ፣ ሰዓቱ ተመዝግቦ። ማዕከሉ የሚያውቀው አባላቱ እነማን እንደሆኑ ነው፤ መልእክቱ በሱ በኩል አያልፍም። ከባንኮቹ ስዊች የሚለየው በዚህ ነው። አንድን መረጃ ለመሰብሰብ ሌላ መዝገብ መክፈት ደግሞ በሕግ ተከልክሏል፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሌላው ጋ ያለውን ከሰውየው አይጠይቅም፣ ከሌላው ያመጣል። ዜጋው በመንግሥት ድረ ገጽ ገብቶ መረጃዬን ማን አየው ብሎ ማየት ይችላል። ፊንላንድም ይህንኑ ተቀብላ በ2017 ሁለቱ አገሮች ሥራውን የሚያስተዳድር የጋራ ተቋም አቋቁመዋል።

ሁለተኛዋ ጥያቄ፣ የምንላላከው ነገር ምን ማለት ነው የምትለው፣ ለኛ ከማንም በላይ ትከብዳለች። ስም እንውሰድ። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ። ለአንባቢ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ፀሐይና ጸሃይም እንደዚሁ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ነው። የፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው ስምና ባንኩ ከአሥር ዓመት በፊት የመዘገበው ስም ፊደል በፊደል ይግጠም ከተባለ፣ ትክክለኛ ሰው በስሙ አጻጻፍ ይመለሳል።

የአባት ስምም አለ። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ውጭ አገር የተሠሩ ሲስተሞች «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አላቸው። አንዱ የአባቱን እዚያ ይጽፋል፤ ሌላው የአያቱን። ከዋሽንግተን ገንዘብ የሚላክለት ሰው አዲስ አበባ ላይ ስምህ አልገጠመም የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

ቀኑ ይባስ። የትውልድ ቀን 12/05/1985 ተብሎ መጣ እንበል። በኛ አቆጣጠር ነው በነሱ? በኛ ከሆነ ጥር 12 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1993 ማለት ነው። በነሱ ከሆነ ሰውየው ከሰባት ዓመት በላይ ያረጃል። ሁለቱም ትክክለኛ ቀን ስለሆኑ ሲስተሙ አያጉረመርምም። ስሕተቱ የሚታየው ጡረታ ወይም ኢንሹራንስ ሲሰላ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ «የትውልድ ቀን» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ ቀኑ ይቅደም ወሩ፣ ያልታወቀ ሲሆን ምን እንደሚጻፍ መቀመጥ አለበት። ጳጉሜን የሚያውቅ ሲስተም መሆኑንም ጠይቁ፤ 13ኛ ወር ሲመጣለት የሚወድቅ አለ።

ሁሉም ነገር ለየብቻ ተሞክሮ ሠርቶ፣ ሲገጣጠም ሊወድቅም ይችላል። የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ በኤፕሪል 2018 ከቀድሞ ባለቤቱ ከሎይድስ ባንክ ሲስተም ወጥቶ በወቅቱ ባለቤቱ የነበረው የስፔኑ ባንክ ሳባዴል ወዳዘጋጀው አዲስ ሲስተም ደንበኞቹን አዛወረ። 5.2 ሚሊዮን ደንበኞች ነበሩት። መረጃው በትክክል ተዛውሯል። አዲሱ ሲስተም ግን ሰዎች ሲገቡበት ወዲያው ተንገዳገደ። ሒሳባቸውን መክፈት ያቃታቸው ብዙ ናቸው። ነገሩ ወደ መደበኛው ሁኔታ የተመለሰው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። በ2022 መጨረሻ ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

መሥሪያ ቤታችሁ አዲስ ሲስተም ሊገዛ ኮሚቴ ውስጥ ካስገቧችሁ፣ ማሳያው ላይ ያለውን ቀለምና ግራፍ እዩና እነዚህን ጠይቁ። የሰርቪሶቹ ዝርዝር በጽሑፍ አለ ወይ? ከመግዛታችን በፊት ልናየው እንችላለን? እውነተኛ ደንበኛ የማይነካ መሞከሪያ ትሰጡናላችሁ? አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ብንልክ ምን ይሆናል? መልስ ሳትሰጡን ብትቀሩ ምን እንድናደርግ ትጠብቃላችሁ? ሰርቪሱን ስትቀይሩ ከስንት ወር በፊት ታሳውቁናላችሁ፣ አሮጌውስ እስከ መቼ ይሠራል? ችግር ሲፈጠር መልእክቱ የት እንደቆመ የቅርንጫፍ ሠራተኛ የምታይበት ማያ አለ? ሻጩ «እሱ ቀላል ነው፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» ካለ፣ እሺ በሉትና እያንዳንዱን መልስ የውሉ አባሪ አድርጎ ፈርሞ እንዲያመጣ ጠይቁት።